ጥቁር ግድግዳ፣ የጂኦግራፊ ሬዲዮና ያለ ሟች ለቅሶ

በፀሐይ ላይ ቅሬታ የለኝም። እግዚአብሔር የፈጠራት ናት፤ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከነጋ ጀምሮ የምንጠብቀው እሷን ነው። ቅሬታዬ ስለ ፀሐይ ሊያስተምሩኝ ቤቴ በመጡት ላይ ነው።

ብርዳችንን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልናገር። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል። በእንስራ ያደረ ውኃ ጣት ያደነዝዛል። ሰው ሰላም የሚባባለው እጁን ከጋቢው ሳያወጣ ነው። ማገዶ ደግሞ በዚያን ዘመን ጭንቅ ነበር። ተራራው ላይ ያለው ባሕር ዛፍ የመንግሥት ነው፤ ጠባቂ አለው፤ የረገፈ ቅጠል መጥረግ እንኳ ያስጠይቃል። እኛ የምናነደው ኩበት ነው። ጢሱ ዓይኔን ሲለበልበኝም አመሰግናለሁ፤ እሱንም ያጣ አለ።

በዚህ ላይ ሬዲዮ መጣ። ልጄ ምንትዋብ ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የጂኦግራፊ ክበብ አላቸው። ከአዲስ አበባ የሚተላለፍ የተማሪዎች የጂኦግራፊ ፕሮግራም ተሰብስበው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ይወያያሉ። ይወያዩ፤ ማን ከለከለ። ችግሩ ውይይቱ ተከትሏት ቤት መግባቱ ነው። “ምንትዋብ፣ ውኃ ቅጂ” ስላት፣ “እማዬ፣ ውኃ ከከፍታ ሲወርድ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ታውቂያለሽ?” ትለኛለች። እኔ የማውቀው ተሸክሜው ሽቅብ ስወጣ ያለውን ነው። “ኩበት አቀብዪኝ” ስላት ኩበቱን በእጇ ይዛ ትቆማለች። “ከዚህ እኮ ጋዝ ይወጣል፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በቧንቧ ተደርጎ...” እሳቱ ይጠፋል። ስለ ነፋስ የተላለፈ ዕለት ነጠላዬን ከገመድ አውርዳ በረጅም እንጨት ሰቀለችው። የነፋሱን አቅጣጫ ልታይበት ነው። አየች። ነፋሱ ነጠላዬን ይዞ ወደ በሬሳ ወንዝ ሄደ።

ቀጥሎ የቤት አሠራር ተላለፈ። ማገዶ የሚቆጥብ ቤት ሠርቶ ላሳየ ትምህርት ቤት ጋዜጠኛ ከነመቅረጫው ይመጣል ተባለ። በማግስቱ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ መምህር ኃይሉ፣ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የአረርቲ ልጅ ነው። ቆላ ያደገ ስለሆነ ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ የሱፍ ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ ይሄዳል። ቤት በፀሐይ የማሞቅ ነገር ለምን እንዲህ እንዳንገበገበው ወዲያው ገባኝ።

ከኪሱ ኮምፓስ አውጥቶ አየና፣ “እትዬ፣ ይሄ ግድግዳዎ ልክ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው” አለኝ።

“እኔ የማውቀው የጫጫን መንገድ እንደሚያይ ነው።”

“ያው ነው። በዚህ ወር ፀሐይ በዚህ በኩል ነው የምታልፈው።”

“ስታልፍ አያታለሁ።”

“እንግዲያው ለምን ዝም ብለን እናሳልፋታለን?” ብሎ ፈገግ አለ።

አስረዳኝ። ግድግዳው ጥቁር ይቀባል። ፊት ለፊቱ፣ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ይወጠራል። ግድግዳው ከታችና ከላይ ይበሳል። ቀዝቃዛው አየር በታች ይወጣል፤ ከላስቲኩ ሥር ሞቆ በላይ ተመልሶ ይገባል። “ያለ አንዲት ኩበት ቤትዎ ይሞቃል” አለኝ።

እሺ ያልኩት ለሙቀቱ ብዬ አይደለም። ግድግዳው ከጥጉ ተሰንጥቆ ነበር፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ በጭቃና በጭድ እንመርገዋለን አሉኝ። ሊመርገው የነበረው የበኩር ልጄ ተፈራ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ወደ ሰሜን መሄዱን ሰማሁ። ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ ግን ምንም ወሬ የለም። አባቱ ካረፈ ቆይቷል፤ ግድግዳ የሚመርግልኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ድምፁን አጥፍቶ ደጅ ይቆማል። ስለዚህ በነቢያት ጾም ጎህ ሳይቀድ ቤቴን ዘግቼ ቤተ ክርስቲያን እሄድ ነበር። ጸሎትም ነበር፤ ሽሽትም ነበር።

ተማሪዎቹ ምርጊቱን አሳመሩት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ ቀለም አመጣን አሉኝ። ቀለም የተባለው ጥላሸት ነው፤ ከጋራዥ ተለምኖ በመጣ የተቃጠለ ዘይት በጥብጠውታል። ከገበያ ስመለስ ቤቴ እንደ ምድጃ ጠቁሮ ጠበቀኝ።

“ምንትዋብ!”

“እማዬ፣ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል እኮ።”

“የሚስበው ሙቀት ብቻ ነው? ይሄ መንገድ ዳር ነው፤ አውቶቡስ ያልፋል!”

“ላስቲኩ ሲወጠር ያምራል። ነገ ይመጣል።”

ነገ አልመጣም። ከነገ ወዲያም አልመጣም። ላስቲኩ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው እየተባለ ግድግዳዬ ጥቁሩን ለብሶ፣ በጫጫ መንገድ የሚያልፈውን መንገደኛ ሁሉ እያየ ሰነበተ።

ያን ሰሞን የሰዉ ጠባይ ግራ ገባኝ። ወፍጮ ቤት ስደርስ ተሰላፊው ገለል ብሎ ያስቀድመኛል። በዶሮ ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን የቆየች ሴት መንገድ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ በሰፈራችን ሙሾ አውራጇ እሷ ናት፣ መጥታ ቁጭ አለችና ግድግዳውን ስታይ፣ እኔን ስታይ ቆየች።

“አንቺ ግን ብርቱ ሴት ነሽ” አለችኝ።

“ተመስገን።”

“እኔ ብሆን አልችለውም።”

“ይለመዳል። ሽታው ነው ያስቸገረኝ” አልኳት። የዘይቱን ማለቴ ነው።

ዘነበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። እኔም ጾሙ ሰዉን ለወጠው ብዬ አመሰገንኩ።

የአልዩ አምባው ነጋዴ አቶ ሰይድም መጣ። በርበሬ ጭኖ ለገበያ ሲወጣ በቅሎውን የሚያስረው እኔ ግቢ ነው። ግድግዳውን አይቶ ባለበት ቆመ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ምንም ሳይጠይቅ፣ ጭነቱን ሳያራግፍ፣ በቅሎውን አዙሮ ሄደ። ገበያ ረፍዶበት ነው አልኩ። በአንኮበር መንገድ ወርዶ፣ ጎረቤላ ያለው ወንድሜ ቤት ጎራ እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ጋዜጠኛው ይመጣል የተባለ ዕለት እንደ ልማዴ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። የሆነውን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ቢሆንም በተራው ልናገረው።

የቀበሌው ሊቀመንበር፣ እንግዳው በውርጭ እንዳይቀመጥ፣ የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ይውጡ ብሎ አዘዘ። የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ “ለማን ቤት ነው?” አለው። “ለተፈራ እናት ቤት።” “ምን ሆነው?” “ጓድ፣ ጥያቄ አታብዛ፤ ሰዓት የለንም!” እንግዲህ በነቢያት ጾም ሠርግ የለም። በጾም ድንኳን የሚወጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ጠባቂውም ሕግ አክባሪ ሰው ነው። ድንኳን ሲወጣ በእድሩ ደንብ መደረግ ያለበትን አደረገ፤ ጡሩምባ ነፊውን ቀሰቀሰ።

ጡሩምባው ሲነፋ ኪዳን እየደረሰ ነበር። “ነፍስ ይማር፤ የማን ይሆን?” ብዬ አማተብኩ። ስወጣ ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲሄድ አየሁ። እኔም ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና ተከተልኩ። ለቅሶ አይቀርም።

“የማን ቤት ነው?” አልኳት አጠገቤ የምትሄደውን ሴት።

ቀና ብላ አላየችኝም። እጄን ያዘችኝ። ሌላዋ በዚያኛው በኩል መጥታ ክንዴን ያዘች። ከፊት ያለው ሰው እየከፈተ ያሳልፈናል። በጫጫው መንገድ ታጠፍን። በወፍጮ ቤቱ አለፍን። ወደዚያ ያለው የእኔ ቤት ነው።

ድንኳኑ ግቢዬ ውስጥ ተተክሏል። ሰው አግዳሚው ላይ ሞልቷል። ማንም አይናገርም።

ልብ በሉ፤ እኔ ሊያረዱኝ መጡ እያልኩ ነው፤ እነሱ ደግሞ ቀድማ ተረድታ ችላው ነበር እያሉ ነው። “ተፈራ” አልኩ። ዘነበች የምትጠብቀው እሱን ነበር። “ተፈራዬ፣ የቤቱ ዋልታ!” ብላ ስትጀምር ድንኳኑ ሁሉ ተቀበላት።

የነፍስ አባቴ ቀርበው ደገፉኝ።

“አባቴ፣ መቼ ነው?” አልኳቸው።

“መቼ ሰማሽ?” አሉኝ እሳቸው።

“እኔ? አሁን ነዋ። እናንተ ከማን ሰማችሁ?”

“ካንቺ ነዋ፣ ልጄ።”

“እኔ ለማን ተናገርኩ?”

የሚያለቅሰው ሰው አንድ በአንድ ዝም አለ። የመጨረሻዋ ዘነበች ናት። “ግድግዳሽን አጥቁረሽ የለም እንዴ!” አለች እንባዋን እየጠረገች። “ኀዘኗ ከልብሷ አልፎ ቤቷ ገባ ብለን እኮ ነው። ልትናገሪ አልፈለግሽም ብለን ስንችልልሽ ነው የሰነበትነው!”

ይህን ጊዜ ምንትዋብ ከጓሮ እየሮጠች ወጣች። ከመምህሩ ጋር ላስቲኩን ሊቀበሉ በሌሊት ወጥተው በጓሮ መመለሳቸው ነው። እጇ ላይ ቴርሞሜትር፣ ፊቷ ላይ ጥላሸት አለ።

“እማዬ! ላስቲኩ መጣ!”

ሰዉ ሁሉ ከእሷ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞረ።

የእድሩ ዳኛ ተነሣ። “ቆይ፤ ታዲያ የሞተው ማን ነው?”

ሊቀመንበሩ ሰዉን ገፍቶ መጣ። “ጓዶች! ማንም አልሞተም! ጠላታችን ብርድ ነው!”

“ብርድ ሞተ?” አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ጋዜጠኛው የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ከላንድ ሮቨር ወርዶ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ግቢው ያልቻለውን ሕዝብ አየ። ደስታው ፊቱ ላይ ሞላ። “ብዙ አውራጃ ዞሬያለሁ፤ ለጂኦግራፊ እንዲህ የወጣ ሕዝብ አላየሁም!” አለ። መቅረጫውን ከፈተ። የቤቷ ባለቤት ማን ናት ሲል ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ አመለከተ። ማይክሮፎኑን አፌ ሥር ደቀነው።

“እናታችን፣ የፀሐይ ኃይል ለእርስዎ ምን ጥቅም ሰጠ?”

ቁጥብ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ ይመሰክሩልኛል። ያን ቀን ግን አፌ ተከፈተ።

“ጥቅም?” አልኩት። “ግድግዳዬን ጥላሸት ቀባችሁ። በጾም ድንኳን ተከላችሁ። ጡሩምባ ነፍታችሁ ዘነበችን ያለ ሬሳ አስለቀሳችሁ። ፀሐይ ይሄ ሁሉ ጣጣ ሳይኖርም ትወጣ ነበር! ልጄ ተፈራ አልሞተም። ሞተ ያለኝ ሰው የለም። ነገ ሲመጣ፣ ይሄን ጥቁር ነገር አይቶ የእኛ ቤት አይደለም ብሎ በጫጫ መንገድ ቢያልፍስ? ማን ሮጦ ይመልስልኛል? አንተ ነህ?”

ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ቀስ ብሎ ወደ መምህር ኃይሉ አዞረ። መምህሩ ስለ ሞቃት አየር ጀመረ። “ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ...” ከማለቱ በመንገዱ በኩል ዋይታ ተሰማ። የጎረቤላ ዘመዶቼ ናቸው። ወንድሜ ደረቱን እየደቃ ከፊት ይመጣል። ሚስቱ ጥሩነሽ ከኋላው ናት፤ ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታለች።

“አልሞተም! አልሞተም!” እያለ ሕዝቡ ሁሉ ሮጦ ተቀበላቸው። ወንድሜ መጀመሪያ አላመነም፤ ኀዘን አእምሯችንን ነካው ብሎ እኛን ያጽናና ጀመር። ኋላ ሲገባው መሬት ቁጭ ብሎ አመሰገነ። ጥሩነሽ ግን አናቷን ዳሰሰች።

“ጸጉሬስ?”

“ይበቅላል፣ አይዞሽ” አላት ወንድሜ።

“በዚህ ብርድ?”

መምህር ኃይሉ ያን የሱፍ ቆቡን አውልቆ ራሷ ላይ አደረገላት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለ እሱ ክፉ አልናገርም። ጆሮው ወዲያው ቀላ።

ከዚያ ደግሞ የንፍሮው ነገር መጣ። ጎረቤት ሁሉ ለኀዘን ቤት የሚገባውን ይዞ መጥቷል፤ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሽሮ። በሕይወት ያለ ልጅ ንፍሮ እንዴት ይበላል? ጨነቀኝ። የነፍስ አባቴ ቆመው አሰቡ። “የምስጋና ይሁን” ብለው ባረኩት። የጾሙ ሰዓት እስኪደርስ ሰዉ ቤት ገብቶ ተቀመጠ፤ ውጭ ነፋሱ በርትቶ ነበር። ላስቲኩ ተወጥሯል። ፀሐይዋም አላሳፈረችም። ከላይኛው ቀዳዳ ሙቅ አየር እንደ ሰው ትንፋሽ ሲገባ በእጄ ዳስሼ አየሁ። እውነቱን ልናገር፤ ሞቀ።

የሞቀው በፀሐይ ይሁን በለቀስተኛው ግን መምህሩን አስጨነቀው። ቴርሞሜትሩን ይዞ በር ላይ ቆመ። “እባካችሁ ለትንሽ ጊዜ ውጡልኝ፤ የሰው ሙቀት ውጤቱን ያበላሽብኛል።”

ማንም ንቅንቅ አላለም። “ለቅሷችንን ቀማኸን፤ ዝም አልን” አለችው ዘነበች ግድግዳውን ተደግፋ። “አሁን ደግሞ ከሙቀቱ ልታስወጣን?”

ሰዓቱ ደርሶ በልተው፣ መርቀው ሄዱ። ድንኳኑ ተነቀለ። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልሞተም ብዬ ጮኼያለሁ። ማን ነግሮኝ ነው? ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። ንፍሮው ተበልቷል፤ ሙሾው ወርዷል፤ ጡሩምባው ተነፍቷል። አምላኬ፣ ይህን አፌን አታሳፍረው አልኩ።

ሳምንታት አልፈው ፕሮግራሙ በሬዲዮ ተላለፈ። ተሰብስበን ሰማን። ከመምህሩ ማብራሪያ ጥቂት አስቀርተዋል። ከሊቀመንበሩ ንግግር ምንም የለም። የእኔ ቁጣ ግን ከነሳሌ ሙሉ በሙሉ ወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ገበያ ስወጣ “ሬዲዮዋ መጣች!” ይሉኛል። በርበሬ ሻጯ ልጇን “ለእሷ ጨምሪላት፣ አለዚያ ለአገር ታሰማብናለች” ትላታለች። አቶ ሰይድም በበቅሎው ላይ ሆኖ፣ “አልሐምዱሊላህ፤ ልጁም ደህና፣ አንቺም አልዩ አምባ ድረስ ተሰማሽ!” አለኝ።

“አንተ ነህ ጥሩነሽን ያስላጨሃት!” አልኩት።

“ዓይኔ ነው ያሳሳተኝ። ምላሴማ ምንም አላለ፤ ለወንድምሽ ያየሁትን ነው የነገርኩት” ብሎ በቅሎውን ነዳ።

ጥምቀት አልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ከቤቴ ፊት ቆመ። እዚያ አይቆምም ነበር። አንድ ልጅ እግር ወታደር ወረደ። ግራ እጁ በፋሻ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። አውቶቡሱ ሄደ፤ ልጁ ላስቲኩንና ጥቁሩን ግድግዳ እያየ ቆመ። ምጣድ በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ።

“ሬዲዮ ላይ የተናገሩት እናት እርስዎ ነዎት?” አለኝ።

አሁንስ በዛ አልኩ በልቤ። ከአውቶቡስ ወርዶ የሚቀልድብኝ ቀረ? “አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ቀረህ?”

“የጫጫ ልጅ ነኝ፣ እማማ። ቆስዬ ፈቃድ ተሰጥቶኝ መምጣቴ ነው። በግድግዳው ነው ቤቱን ያወቅሁት።” ላስቲኩን በደህናው እጁ ነካ አደረገው። “ኳስ ይተላለፋል ብለን ሬዲዮ ከፍተን ስንጠብቅ ነበር። ኳሱ ቀርቶ ጂኦግራፊ መጣ። ልንዘጋው ስንል እርስዎ ተቆጡ። እኛ ሳቅን። ይቺ የማን እናት ናት እያልን ስንሳሳቅ፣ አንዱ ከጥግ ‘ዝም በሉ!’ አለን። ‘የእኔ ናት’ ብሎ ተነሥቶ ቆመ።”

ምጣዱን መሬት አስቀመጥኩት። ምን እንደምጠይቅ አላጣሁም፤ ያለኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

“ቆመ?”

“አዎ፣ ቆመ።”

“በሁለቱም እግሩ?”

“በሁለቱም እግሩ፣ እማማ።”

ከዚያ በኋላ የተባባልነውን አላስታውሰውም። ምንትዋብ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ዳቦ እየበላ ነበር፤ እኔም ፊቱ ቆሜ ያንኑ ጥያቄ እየጠየቅሁት፣ እሱም አፉ በዳቦ ተሞልቶ ያንኑ እየመለሰልኝ አገኘችን።